የክልላችንን ስም የያዘው የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅጠል

አርሶ አደር ዛፍን በቅጠሉ ያውቃል። ግንዱን ሳያይ፣ ፍሬውን ሳይቀምስ፣ መሬት ላይ የወደቀውን አንድ ቅጠል አንስቶ "ይህ ብሳና ነው፤ ይህ ዋንዛ ነው፤ ይህ ዶቅማ ነው" ይላል። የብሳና ቅጠል ልብ መሰል ነው፤ ሊረግፍ ሲል ብርቱካንማ ይሆናል። የዋንዛ ቅጠል ሰፊና ሲዳስሱት ሻካራ ነው። ወይራ ጠባብ ሆኖ ላይና ታቹ የተለያየ ቀለም አለው። ይህን ዕውቀት ማንም በትምህርት ቤት አላስተማረውም። ከብት ሲጠብቅ፣ እንጨት ሲለቅም፣ ሞፈርና ቀንበር የሚሆነውን ሲመርጥ ያካበተው ነው።

በድንጋይ ውስጥ ተጭኖ የቀረ ቅጠል ሲገኝ የዕፀዋት ቅሪተ አካል ተመራማሪዎች የሚሠሩትም ሥራ በመሠረቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ቅጠሉ የወደቀበት ዛፍ ዛሬ በምድር ላይ አለመኖሩ ነው። ግንዱን የሚያሳይ የለም፤ ስሙን የሚነግር ሽማግሌም የለም። ያለው ቅጠሉ ብቻ ነው። ከዚያ አንድ ቅጠል ተነስቶ "ይህ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ዝርያ ነው" ብሎ በዓለም ፊት ስም ማውጣት ይቻላል። በክልላችን ይህ በተደጋጋሚ ተደርጓል። ከወጡት ስሞች አንዱ የክልሉን፣ ሌላው የጭልጋን፣ ሌላው ደግሞ የሙሽን ስም ይዟል።

ቦታው ጭልጋ፣ ዘመኑ ሩቅ

ከጎንደር ከተማ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የጭልጋ አካባቢ ይገኛል። የጓንግ ወንዝና ገባሮቹ በዚህ ምድር ላይ ቦይ ቀድደው ሲወርዱ፣ በዳርና ዳር የተደራረበ የሸክላ፣ የደለል፣ የእሳተ ገሞራ አመድና ገና ያልበሰለ የድንጋይ ከሰል ንጣፍ ያጋልጣሉ። ለአላፊው ሰው ተራ ገደል ነው። ለተመራማሪው ግን ገጾቹ አንድ በአንድ የሚገለጡ መዝገብ ነው።

ከንጣፎቹ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜን ለማወቅ ዋናው ቁልፍ ሆኗል። አመዱ በውስጡ ጥቃቅን ማዕድናት ይዟል። ማዕድናቱ ከተፈጠሩበት ጊዜ ጀምሮ በውስጣቸው ያለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በታወቀ ፍጥነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል። የተለወጠውና ያልተለወጠው መጠን ሲለካ የአመዱ ዕድሜ ይታወቃል። በዚህ መንገድ የጓንግ ወንዝ የቅጠል ቅሪቶች ዕድሜ 27.23 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ ተረጋግጧል።

ያ ዘመን ምን ይመስል ነበር? አፍሪካና ዐረብያ ገና ያልተለያዩ አንድ ምድር ነበሩ። ከእስያና ከአውሮፓ ጋር ግን በባሕር ተለያይተው ነበር። ዛሬ የአፍሪካ መለያ የሆኑት እንደ ቀጭኔና ሚዳቋ ያሉ እንስሳት ገና ወደዚህ አልተሻገሩም። በጭልጋ የሚኖሩት የዝሆን ቀደምት ዘመዶች፣ ሁለት ታላላቅ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም የተባለ ግዙፍ እንስሳና የሽኮኮ ወገኖች ነበሩ። በአሜሪካው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ካፕልማን የተመራው ቡድን እነዚህን እንስሳት እ.ኤ.አ. በ2003 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አስተዋውቋል። ከእነሱ መካከል አንዱ የዝሆን ዘመድ በቀጣዩ ዓመት "ችልጋቴሪየም" የሚል ስም ወጥቶለታል፤ የጭልጋ አውሬ እንደማለት ነው።

እንስሳቱ የሚመገቡት ደንም ነበረ። ከዚያ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ማለትም ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዛሬ ደጋችንን የሠራው ግዙፍ የእሳተ ገሞራ ፍሰት ምድሪቱን ሸፍኗት ነበር። የምናርሰው ጥቁርና ቀይ አፈር አብዛኛው የዚያ ጥቁር ድንጋይ ብስባሽ ነው። የጭልጋ ደለል ያረፈው በዚያ ድንጋይ ላይ ነው። በውስጡ የተገኙት የጥንት አፈሮችም አንዱ ቦታ ውኃ የሚተኛበት ረግረግ፣ ሌላው ቦታ ደግሞ ውኃ የሚያንጠፈጥፍ መሬት እንደነበር ያሳያሉ። አንድ አርሶ አደር በአንድ ማሳው ውስጥ መረሬና ቦዳ ለይቶ እንደሚያውቀው፣ ያ ደንም እንደ አፈሩ ዓይነት የተለያየ ዛፍ ያበቅል ነበር።

ቅጠል እንዴት ሳይበሰብስ ይቆያል?

ቅጠል መሬት ላይ ወድቆ ክረምትን አያልፍም። ምስጡ፣ ፈንገሱና ባክቴሪያው ወዲያው ወደ አፈር ይመልሰዋል። ኮምፖስት የሚያዘጋጅ አርሶ አደር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ብስባሹ እንዲፋጠን ክምሩን የሚያገላብጠው አየር እንዲያገኝ ነው። ገፈራ የሚያዘጋጅ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል። መኖውን ጠቅጥቆ፣ በላስቲክ ሸፍኖ አየር ይነፍገዋል፤ መኖውም ሳይበሰብስ ለበጋ ይደርሳል።

የቅጠል ቅሪተ አካል የሚፈጠረው በገፈራው መንገድ ነው። ቅጠሉ ረጋ ባለ ኩሬ ወይም ረግረግ ውስጥ ይወድቃል። ደቃቅ ጭቃ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ፈጥኖ ይሸፍነዋል። አየር የለም፤ የሚያበሰብሱት ሕዋሳት ሥራቸው ይዳከማል። በላዩ ደለል በደለል ላይ ይከመራል፤ ጭቃው በክብደት ተጨምቆ ድንጋይ ይሆናል። ቅጠሉ ከወረቀት ቀጥኖ በሁለት የድንጋይ ገጽ መካከል ይቀራል። አንዳንዴ የሚቀረው ቅርጹ ብቻ ነው። ዕድል ሲቀና ግን ከላይ የነበረው ሰም መሰል ሽፋን ሳይቀር አብሮ ይገኛል።

በዚህ ምክንያት የቅጠል ድንጋይ በየቦታው አይገኝም። ሞቃትና እርጥብ በሆነው የአፍሪካ ክፍል ደግሞ ይበልጥ ብርቅ ነው። ከ30 እስከ 20 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ የአፍሪካ ደን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሚተማመንባቸው ጥቂት ቦታዎች ሁለቱ ጭልጋና በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የሙሽ ሸለቆ ናቸው። የሙሽ ቅጠሎች ዕድሜ ከ21 እስከ 22 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ከመዶሻ እስከ ማጉያ መነጽር

ሥራው የሚጀምረው በመዶሻና በመሮ ነው። ቅጠል ያዘለው ድንጋይ እንደ ተደራረበ እንጀራ ንብርብር አለው። ተመራማሪው መሮውን በንብርብሩ መካከል አስገብቶ በቀስታ ሲመታው ድንጋዩ ለሁለት ይከፈታል፤ ቅጠሉ በአንደኛው ገጽ፣ አሻራው በሌላኛው ገጽ ይታያል። ሁለቱም ይወሰዳሉ፤ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። የተገኙበት ንጣፍ፣ ጥልቀትና ቦታ ይመዘገባል። ድንጋዩ በለስላሳ ወረቀት ተጠቅልሎ ይታሸጋል። ከየት እንደመጣ ያልተመዘገበ ቅጠል ዋጋው እጅግ ይቀንሳል፤ ባለቤቱ እንደማይታወቅ ዘር ነው፤ የሚበቅል ቢሆንም የየትኛው አየር ጠባይ መሆኑን ማንም አያውቅም።

ከዚያ የቅጠሉ ንባብ ይጀመራል። የመጀመሪያው ቅርጽ ነው፦ ሞላላ ነው ወይስ ክብ? ከመሠረቱ ነው የሚሰፋው ወይስ ከጫፉ? ቀጥሎ ጠርዙ ይታያል፦ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ማጭድ ጥርስ የተቆራረጠ? እጀታው ምን ያህል ይረዝማል? ሁለት ጫፉ ላይ እብጠት አለው? ከሁሉ በላይ ግን ጅማቶቹ ናቸው። ዋናው ጅማት ከመካከል ይሄዳል። ከእሱ የሚወጡት ስንት ናቸው? በምን ያህል ማዕዘን ይወጣሉ? ጠርዙ ድረስ ይደርሳሉ ወይስ ታጥፈው እርስ በርስ ይያያዛሉ? በመካከላቸው ያሉት ቀጫጭን ጅማቶችስ የዓሣ መረብ ይመስላሉ ወይስ እንደ መሰላል ደረጃ ጎን ለጎን ይደረደራሉ? የሰው አሻራ ሰውን እንደሚለይ፣ የጅማት ሥርዓትም የዕፀዋትን ቤተሰብ ይለያል።

ሰም መሰሉ ሽፋን ከተረፈ ደግሞ ሥራው ወደ ማይክሮስኮፕ ይሻገራል። ቅጠሉ የሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አቀማመጥ፣ በዙሪያቸው ያሉት ሕዋሳት ቁጥር፣ የፀጉሮቹ ዓይነት ተቆጥሮ ይመዘገባል።

ከሕያዋን ጋር ማስተያየት

አንድ ቅጠል አዲስ መሆኑ የሚታወቀው የታወቁት በሙሉ ሲታዩ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው በድንጋይ ያገኘውን ቅጠል ይዞ ወደ ሄርባርየም ይሄዳል። ሄርባርየም የደረቁ ዕፀዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ስማቸው፣ የተሰበሰቡበት ቦታና ቀን ተጽፎ የሚቀመጡበት ቤት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባርየም የአገራችን ዋና መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የተካሄደውና የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፀዋት በስምንት ቅጽ የዘረዘረው ታላቅ ሥራ የተመሠረተውም በእንዲህ ዓይነት የደረቁ ናሙናዎች ላይ ነው።

አሮን ፓንና ቦኒ ጄከብስ የተባሉት ተመራማሪዎች ከጭልጋ የተገኘ አንድ የቅጠል ዓይነት ሲያጠኑ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቦኒ ጄከብስ በአሜሪካ የሳውዘርን ሜቶዲስት ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፈሰሐና ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር በጭልጋና በሙሽ ለረጅም ዓመታት ሠርታለች። ሁለቱ ተመራማሪዎች ቅጠሉ "ኮላ" ከተባለው ወገን መሆኑን ደረሱበት። ግን ይህን ለማለት የዛሬዎቹን የኮላ ዝርያዎች ቅጠል መርምረው፣ የወገኑ መለያ የሆነው የቱ እንደሆነና ከዝርያ ዝርያ የሚለዋወጠው የቱ እንደሆነ መለየት ነበረባቸው። የጭልጋው ቅጠል ወገኑን ይመስላል፤ ዛሬ ካሉት ዝርያዎች ከአንዱም ጋር ግን አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲታተም "ኮላ አምሃራኤንሲስ" የሚል ስም ተሰጠው፤ "የአማራ ኮላ" እንደማለት ነው። በዓለም ላይ እስከዚያ ከታወቁት የኮላ ወገን ቅሪቶች ሁሉ ቀዳሚው ሆነ።

ኮላ ማለት በምዕራብ አፍሪካ ፍሬው በሠርግና በእንግዳ አቀባበል የሚቀርበው፣ እንደ ቡናችን ካፌይን ያለበት ዛፍ ወገን ነው። ዛሬ ዝርያዎቹ በብዛት የሚገኙት በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እርጥብ ደን ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ግን ለእኛ አርሶ አደሮች እንግዳ አይደለም። ጥጥ፣ ባሚያና ካርካዴ ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ከጭልጋ ቁልቁል ወርዶ መተማ ላይ ጥጥ የሚለቅም ሰው፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ቅጠል ሩቅ ዘመድ እየለቀመ ነው።

ስም ማውጣት ሥርዓት አለው

አንድ ተመራማሪ ደስ ስላለው ብቻ ስም አያወጣም። ለዕፀዋት ስም ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፤ ደንቡ ለሕያው ዛፍም ለድንጋይ ቅጠልም ይሠራል። ስሙ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው ነው። ጤፍን ብንወስድ በሳይንስ ስሙ "ኤራግሮስቲስ ጤፍ" ይባላል፤ ሁለተኛው ቃል ከራሳችን አፍ የተወሰደ ነው። የኑግና የኮሶ ሳይንሳዊ ስሞች ደግሞ በአገራችን የቀድሞ ስም "አቢሲኒካ" ብለው ያበቃሉ።

አዲስ ስም እንዲጸና መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ዝርያውን ከሌሎች የሚለየው ነገር በላቲን ወይም በእንግሊዝኛ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ መኖር አለበት። ጽሑፉ መታተም አለበት። ከሁሉም በላይ፣ ስሙ የሚታሰርበት አንድ ናሙና ተለይቶ መጠቀስና የት እንደሚቀመጥ መነገር አለበት። ይህ ናሙና "ሆሎታይፕ" ይባላል።

ሆሎታይፕ ማለት የወሰን ድንጋይ ማለት ነው። በሁለት ማሳ መካከል ክርክር ሲነሳ ሽማግሌዎች ሄደው የሚያዩት ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ከተነቀለ ክርክሩ መጨረሻ የለውም። ነገ ሌላ ተመራማሪ ተመሳሳይ ቅጠል ቢያገኝና "ይህ ያው ዝርያ ነው ወይስ ሌላ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ ሄዶ የሚያየው ያንን አንድ ድንጋይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1943 የበርሊን ሄርባርየም በቦምብ ሲቃጠል የሺዎች ዝርያዎች የስም መሠረት ከመጽሐፍ በቀር ጠፍቶ ቀርቷል። ስለዚህ ድንጋዩ ተራ ድንጋይ ቢመስልም፣ አንድ ቅጠል ያረፈበት ቁራጭ የአንድ ዝርያ ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሌላም ለአንባቢ መነገር ያለበት ነገር አለ። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ፍሬውና የአበባው ዱቄት በአብዛኛው ተለያይተው ስለሚገኙ፣ የአንድ ዛፍ ክፍሎች ለየብቻ ስም ሊወጣላቸው ይችላል። በሙሽ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ2012 "ኒውቶኒያ ሙሼንሲስ" የተባለው ዝርያ የተገለጸው ከዘሩ ነው፤ ከግራርና ከባቄላ ቤተሰብ የሆነ ዛፍ ነበር። ከጭልጋ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የዘንባባ ዝርያዎች ተገልጸዋል። አንዱ "ኤሬሞስፓታ ቺልጋኤንሲስ" ይባላል። የወገኑ ዘመዶች ዛሬ በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ በዛፍ ላይ የሚንጠላጠሉ እሾኻማ ሐረጎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከሁለቱም ቦታዎች የቦዬ ቤተሰብ የሆኑ ቅጠሎች ታትመዋል። የደቡብ ወገኖቻችን የሚተክሉት ቦዬ ሩቅ ዘመዶች በሰሜን ምድራችን ይበቅሉ ነበር ማለት ነው።

ይህ ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅመዋል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ማዳበሪያ በሚወደድበት፣ ዝናብ በሚዘገይበት ዘመን የ27 ሚሊዮን ዓመት ቅጠል ምን ያደርግልናል?

የመጀመሪያው መልስ ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት የሚናገረው ነገር ነው። ቅጠል የአየር ጠባይ መዝገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ሁለት አሜሪካውያን የዕፀዋት ሊቃውንት እንዳስተዋሉት፣ ሞቃት በሆኑ ደኖች ጠርዛቸው ለስላሳ የሆነ ዛፎች ይበዛሉ፤ በቀዝቃዛ አገር ደግሞ ጥርሳም ቅጠል ይበዛል። ሰፊ ቅጠል ብዙ ዝናብ ባለበት፣ ትንንሽ ቅጠል ደግሞ ዝናብ ባነሰበት ይበረክታል። የጭልጋ ቅጠሎች ተሰብስበው ሲታዩ የሚናገሩት እርጥብና ሞቃት ደን ነው። ዛሬ ግራርና ቁጥቋጦ፣ የታረሰ ማሳና የግጦሽ መሬት በሚታይበት ቦታ ዘንባባና ኮላ ነበረ። የቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎች ደግሞ በአየር ውስጥ ካለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ጋር ይያያዛሉ። በዚህ ተመርኩዘው የጭልጋንና የሙሽን ቅጠሎች ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ዓለም ይበልጥ በሞቀችበት በሙሽ ዘመን ጋዙም ከጭልጋው ዘመን ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይተዋል። ዛሬ የአየር ንብረት ለውጥ እየተባለ የሚነገረው የጋዝና የሙቀት ዝምድና በገደላችን ድንጋይ ላይም ተጽፏል።

ሁለተኛው መልስ ስለ ተባይ ነው። በሁለቱ ቦታዎች ቅጠሎች ላይ የነፍሳት ጥርስ ምልክት በግልጽ ይታያል። ጠርዙ የተገመጠ፣ መካከሉ የተበሳ፣ ውስጥ ለውስጥ መንገድ የተቀደደበት፣ እባጭ የወጣበት ቅጠል አለ። ተመራማሪዎች ይህን ቆጥረው የነፍሳቱን ብዛትና ዓይነት ያጠናሉ። ጠዋት ማሳው ውስጥ ገብቶ የቲማቲሙን ቅጠል ገልብጦ "የቅጠል ቦርቧሪ ገብቶበታል" የሚለው አርሶ አደር የሚያየው ምልክት፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊትም ነበር። ዕፅና ተባይ አብረው ኖረዋል። ልዩ ልዩ ዛፍ በተቀላቀለበት ደን እንኳ ተባይ ጨርሶ አልጠፋም፤ አንድ ሰብል ብቻ በሰፊው ሲዘራ ደግሞ ጥፋቱ ምን ያህል እንደሚከፋ አርሶ አደሩ ራሱ ያውቀዋል።

ሦስተኛው መልስ ዘርን ስለ ማጣት ነው። ኮላ አምሃራኤንሲስ ዛሬ የለም። የአየር ጠባይ ሲለወጥ፣ ምድር ከፍ ሲልና ሲሰነጠቅ፣ ደኑ ሲሳሳ ጠፋ። ያ ለውጥ ግን በሚሊዮን ዓመታት የተካሄደ ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ከአንድ ቀበሌ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ሲያልቅ ያየ ሽማግሌ፣ ያኛው በዝግታ የሆነው በእኛ ዘመን በጥድፊያ መሆኑን ይረዳል። በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የተረፈው ደን ከዚያ ረጅም ታሪክ እጃችን ላይ የቀረ ቅንጣት ነው።

ገደሉ ሲናድ፣ ድንጋዩ ሲጫን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ቅጠል ያዘለ ድንጋይ በተፈጥሮው ደካማ ነው። ከተጋለጠ በኋላ ፀሐይ ያነቀዋል፤ ዝናብ ያረጥበዋል፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለሚሊዮን ዓመታት የቆየ ቅጠል ተጋልጦ ከተተወ በጥቂት ክረምት ዱቄት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚጋለጠው ደግሞ በወረዳ ደረጃ በየዕለቱ በሚሠሩ ሥራዎች ነው። መንገድ ሲቆረጥ፣ የመስኖ ቦይ ሲቆፈር፣ የኩሬና የግድብ አፈር ሲወጣ፣ የድንጋይ ከሰል ሲፈለግ፣ ለቤት መሠረት ድንጋይ ሲፈነቀል፣ ቦረቦር ለማዳን እርከንና ክትር ሲሠራ ይገለጣል። የተፋሰስ ልማት መቆም አለበት የሚል ሰው የለም። ቦረቦሩ ማሳውን እየበላ ነውና መታከም አለበት። የድንጋይ ከሰሉም ጥቅም አለው። ሁለቱ ግን የሚቃረኑ አይደሉም። ከአንድ ገደል ሥር ክትር ከመሠራቱ በፊት ባለሙያ አንድ ጊዜ ቢያየው ሥራው የሚዘገየው ለጥቂት ቀን ነው፤ ካልታየ ግን የሚጠፋው ተመልሶ የሚገኝ አይደለም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለማዕድን ፍለጋ፣ ለሕንፃ፣ ለመንገድ ሥራም ሆነ ለሌላ ቁፋሮ ሲደረግ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ በደህና እንዲጠብቀው ያዛል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ለመፈለግ መቆፈርም አይፈቀድም።

በተግባር ምን ይደረግ? ቅጠል፣ አጥንት ወይም የተጋገረ ግንድ የሚመስል ድንጋይ ያየ አርሶ አደር ከቦታው አያንሳው። በውኃ አይጠበው፤ በውኃ የራሰ ደቃቅ ድንጋይ ወዲያው ይፈርሳል። ሙጫ አይቀባው፤ በሚስማር አይፈልቅቀው። ስልክ ካለው አጠገቡ እጁን ወይም ሳንቲም አድርጎ ፎቶ ያንሳው፤ መጠኑ እንዲታወቅ ነው። ቦታውን በምልክት ይለይ፤ ዝናብ የሚመጣ ከሆነ በላስቲክ ወይም በአፈር መልሶ ይሸፍነው። ከዚያ ለቀበሌው ይንገር፤ ቀበሌው ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞን ለክልልና ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ያሳውቅ። የግብርና ጽሕፈት ቤት ባለሙያዎች ገደልና ቦረቦር ውስጥ የሚውሉ ስለሆኑ ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። የተፋሰስ ጥናት ሲያካሂዱ "ቅሪተ አካል ታይቷል ወይ?" የሚል አንድ ጥያቄ በቅጻቸው ላይ ቢጨምሩ ወጪ የለውም።

አርሶ አደሩ ዝም የሚልበትን ምክንያትም መረዳት ያስፈልጋል። "ብናገር መሬቴን ይወስዱብኛል" የሚል ሥጋት አለ። ይህ ሥጋት በወቀሳ አይጠፋም፤ የሚጠፋው በግልጽ መረጃ ነው። የወረዳ አመራሩ ቦታው ሲጠና ቁፋሮው ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ሰብል ከተጎዳ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ፣ ጉድጓዱ እንዴት እንደሚሞላ አስቀድሞ ለባለ ይዞታው ማስረዳት አለበት። የአካባቢው ወጣት በቁፋሮው ሥራ የቀን ገቢ ቢያገኝ፣ ቅርሱን የሚጠብቀው እሱ ራሱ ይሆናል።

ውጤቱ ወደ ባለቤቱ ይመለስ

የመጨረሻው ነገር ዕውቀቱን ስለ መመለስ ነው። ኮላ አምሃራኤንሲስ በዓለም የዕፀዋት መዝገብ ውስጥ ስሙ ተጽፏል። የትም አገር ያለ ተመራማሪ የአፍሪካን ደን ታሪክ ሲጽፍ ይጠቅሰዋል። ከጓንግ ወንዝ ዳር ትምህርት ቤት የሚማረው ልጅ ግን ስንት ጊዜ ሰምቶታል? የሙሽ ሸለቆ ተማሪስ የመንደሩ ስም በአንድ ዘር ስም ውስጥ እንደሚኖር ያውቃል?

ይህን ለማስተካከል ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የቅጠሎቹ ፎቶግራፍ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ይችላል። የባዮሎጂ መምህሩ ልጆቹን ወደ ገደሉ ወስዶ ሳይነኩ ሊያሳያቸው ይችላል። የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ስለ ጥምር ደን ሲያስተምር፣ በዚያው መሬት ላይ ይበቅል የነበረውን ደን በምሳሌነት ሊጠቅስ ይችላል። አጥኚ ቡድን ፈቃድ ሲሰጠው ውጤቱን በአካባቢው ቋንቋ ለነዋሪው እንዲያቀርብ መጠየቅም የወረዳው መብት ነው።

ተመራማሪው መሮ ይዞ ሲመጣ፣ ከመንደሩ ቅጠልን ከቅጠል የሚለይ ዓይን ያለው ሰው አያጣም። ያ ዓይን ብሳናን ከዋንዛ ሲለይ የኖረ ዓይን ነው። ነገ ከቦረቦሩ ሥር አንድ ቀጭን ድንጋይ ተከፍቶ፣ ማንም የማያውቀው ቅጠል ጅማቱን ዘርግቶ ቢታይ፣ መጀመሪያ የሚያየው እረኛው ወይም አርሶ አደሩ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ በእጁ ሳይነካው፣ ሸፍኖ፣ ቀበሌ ድረስ ሄዶ የሚናገር ሰው ካለ፣ ያ ቅጠል ስም ያገኛል። ስሙም እንደ ጭልጋ፣ እንደ ሙሽ፣ የዚያን ሰው መንደር ስም ይዞ ይኖር ይሆናል።